ሽማግሌው ተማሪና ትሑቱ መምህር
(አባ ገብረ ሚካኤልና አቡነ ያዕቆብ)

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሲነሣ ቀድሞ ትዝ የሚለን ጋፋት ላይ የተሠራው መድፍና መቅደላ ላይ የተተኮሰው ሽጉጥ ነው። በዚያው ዘመን ከንጉሡ ሠራዊት ኋላ የእግር ብረት እየጎተቱ ሲጓዙ ሕይወታቸው ያለፈ አንድ ዓይና ሽማግሌ መነኩሴ እንደነበሩ የሚያውቅ ሰው ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ስማቸው አባ ገብረ ሚካኤል ይባላል። ጎጃም ተወልደው በጎንደር የተከበሩ ሊቅ የሆኑ፣ ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ደግሞ ከአንድ የኢጣልያ ካህን እግር ሥር ቁጭ ብለው ለካቶሊክ ክህነት መማር የጀመሩ ሰው ናቸው።

ከወዲሁ አንድ ነገር ላሳስብ። በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን አብያተ ክርስቲያናት የሃይማኖት ክርክር ለመዳኘት አልነሣም፤ እሱን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። እኔን የሳበኝ ሌላ ጥያቄ ነው። በመጻሕፍትና በክርክር ያደጉ፣ ለማንም በቀላሉ እጅ የማይሰጡ ሊቅ፣ በዕድሜ ዘጠኝ ዓመት ከሚያንሳቸውና ቋንቋቸውን እንኳ እየተንተባተበ ከሚናገር የባዕድ አገር ሰው ፊት ተማሪ ሆነው እንዲቀመጡ ያደረጋቸው ምንድን ነው? መልሱ ከመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ የሚገኝ አይመስለኝም። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የመርጡለ ማርያሙ ሊቅ

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 አካባቢ ጎጃም ውስጥ፣ በመርጡለ ማርያም አጠገብ ዲቦ በተባለች መንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ስለጠፋ እርሻም ሆነ ጦርነት የሚሆናቸው ሰው አልነበሩም። የቀረላቸው መንገድ የቤተ ክህነት ትምህርት ነበረና እሱን ያዙ። በመርጡለ ማርያም ገዳም ተማሩ፤ በዚያውም መነኮሱ።

ከመነኮሱ በኋላ ግን አላረፉም። የተማሩት ሥርዓተ ምንኩስናና በዓይናቸው የሚያዩት የመነኮሳት ኑሮ አልጣጣም አላቸው። «ትክክለኛው ሥርዓት የቱ ነው? ከየት መጣ? የት ላይ ተበላሸ?» እያሉ መጻሕፍት ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም መዞር ጀመሩ። ፍለጋው ጎንደር አደረሳቸው። እዚያም ወንበር ዘርግተው አስተማሩ፤ በባሕረ ሐሳብ ዕውቀታቸውም ታወቁ።

ጎንደር የደረሱበት ጊዜ ዘመነ መሳፍንት ነው። ንጉሠ ነገሥት ተብሎ በግንቡ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ከስሙ በቀር ሥልጣን አልነበረውም። በአገሩ ላይ የሚያዙት የየጁዎቹ ራሶች ሲሆኑ፣ ሰሜንና ትግሬን ደግሞ ደጃዝማች ውቤ ይዘው ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱም እንደ መንግሥቱ ተከፋፍላለች። የጎጃሙ ወገን «ቅባት» ነው፤ ሌላው «ጸጋ» ወይም «ሦስት ልደት» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ካራ» ይባላል። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የሚደረገው ይህ ክርክር በጉባኤ ቤት ብቻ የሚያልቅ አልነበረም። ሰይፍ የሚያስመዝዝበትና ሰው ከአገሩ የሚያሳድድበት ጊዜ ብዙ ነው። አስታራቂ ይሆናል ተብሎ የሚጠበቀው ጳጳስ ደግሞ አልነበረም። አቡነ ቄርሎስ ከሞቱ ወዲህ መንበሩ ዓመታትን ባዶውን ቆይቶ ነበር።

አባ ገብረ ሚካኤል በዚህ ሁሉ መካከል ዓይናቸውን የጣሉት ኢየሩሳሌም ላይ ነው። «የአባቶች ሥርዓት ሳይበላሽ የቀረበት ቦታ ካለ እዚያ ይሆናል» ብለው ሳያስቡ አይቀሩም። ዕድሉም በ1841 መጣላቸው። መንገዱ ያገናኛቸው ሰው ግን ከኢየሩሳሌም የበለጠ ሕይወታቸውን ለወጠው።

ከናፖሊ የመጡት እንግዳ

ጁስቲኖ ዴ ያቆቢስ በጥቅምት 1800 በደቡብ ኢጣልያ በምትገኘው ሳን ፌሌ በምትባል ተራራማ ከተማ ተወለዱ። ቤተሰቡ ወደ ናፖሊ ከሄደ በኋላ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ቅዱስ ቪንሰንት ዴ ፖል የመሠረተው የላዛሪስቶች ማኅበር ውስጥ ገቡ። በ1824 ብሪንዲዚ ላይ ቅስና ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ያገለገሉት በገበሬውና በድኻው ሕዝብ መካከል ነው። በ1836 እና በ1837 ናፖሊን ኮሌራ ሲያጠቃት ከሕሙማኑ ሳይለዩ ሠርተዋል። ከከተማይቱ ሊቃውንት የተከራከሩ የታወቁ የነገረ መለኮት ፈላስፋ አልነበሩም። የሚታወቁት በሽተኛ በማስታመምና ኑዛዜ በመቀበል ነው።

እኚህ ሰው በ1839 መጨረሻ ምጽዋ ወርደው አድዋ ሲገቡ የጠበቃቸው አቀባበል ቀዝቃዛ ነበር። ለዚህም ምክንያቱ ሁለት መቶ ዓመት የኖረ ቁስል ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት በይፋ ተቀብለው፣ በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና ክህነት ይቀበሉ፣ ጾሙና በዓሉም ይለወጥ ብለው ባዘዙ ጊዜ አገሩ በደም ተጥለቅልቆ ነበር። በ1632 ሱስንዮስ የአባቶችን ሃይማኖት ለሕዝቡ መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ። ከዚያ በኋላ የመጡ የካቶሊክ ሚሲዮናውያንም አልቀናቸውም። በ1638 ሁለት ካፑቺኖች ጎንደር ላይ ተሰቀሉ፤ በ1716 ደግሞ ሦስት ፍራንቸስካውያን እዚያው በድንጋይ ተወገሩ። ዴ ያቆቢስ ከመምጣታቸው ከአንድ ዓመት በፊትም ደጃዝማች ውቤ የእንግሊዝ ማኅበር የላካቸውን ፕሮቴስታንቶች ከአድዋ አስወጥተው ነበር።

ታዲያ ዴ ያቆቢስ ምን አደረጉ? ሜንዴዝ ያደረጉትን ገልብጠው አደረጉት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሜንዴዝ የጀመሩት ከቤተ መንግሥት ነው፤ እሳቸው ከደጅ ጀመሩ። የአገሩን መነኩሴ ቀሚስና ቆብ አደረጉ። እንጀራውን በሉ፤ በአገሩ ጾም ጾሙ። ግዕዝ፣ አማርኛና ትግርኛ ለመማር ከሊቃውንቱ ዘንድ ተቀመጡ። ስማቸውንም ሕዝቡ በሚጠራቸው መንገድ ተቀብለው «አባ ያዕቆብ» ሆኑ፤ ኋላም «አቡነ ያዕቆብ» ተባሉ። ሰዎች ከግዕዙ ሥርዓተ ቅዳሴ ወጥተው ወደ ላቲኑ ይግቡ አላሉም። ይልቁንም የአገሩ ልጆች በአገራቸው ሥርዓት ካህናት ሆነው እንዲያገለግሉ ማሠልጠን የሥራቸው ሁሉ ዋና ግብ ሆነ።

በጥር 1840 አድዋ ውስጥ ለጥቂት ሰዎች በሰበኩት ስብከት ስለ ሮማ ክብር ወይም ስለ ክርክሩ አልተናገሩም። አገራቸውንና ዘመዶቻቸውን ትተው የመጡት ለእነሱ ሲሉ መሆኑን፣ ከዚያች ቀን ጀምሮም ሕይወታቸው የእነሱ መሆኑን ገለጹ። ንግግር አሳማሪ ብዙ አይተናል፤ «የእናንተ ነኝ» የሚል ሰባኪም ሞልቷል። የዚህ ሰው ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት በቃሉ መኖሩ ነው።

ጉዞ ወደ ካይሮና ወደ ሮም

ደጃዝማች ውቤ ባዶ የቆየውን መንበር የሚሞላ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ካይሮ መልእክተኞች ለመላክ ሲወስኑ ዴ ያቆቢስን አብረው እንዲሄዱ ጠየቋቸው። ነገሩ የሚያስደንቅ ነው፤ አንድ የካቶሊክ ካህን ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የሚያመጣ ቡድን አጃቢ ሊሆኑ ነው። ዴ ያቆቢስም በዝምታ አልተቀበሉትም። መልእክተኞቹ ከካይሮ በኋላ ሮም ሄደው ጳጳሱን እንዲጎበኙና ሌሎችም ሁኔታዎች እንዲሟሉላቸው ጠየቁ። ይህን የምጠቅሰው ትሕትናቸው ዓላማ የሌለው የዋህነት አለመሆኑን ለማሳየት ነው። የመጡበትን አንድም ቀን አልዘነጉም።

ከተጓዦቹ መካከል አባ ገብረ ሚካኤል አሉበት። የሄዱት በዚያው ኢየሩሳሌም ለመሳለም አስበው ነው። ስለ ፈረንጁ ካህን የነበራቸው አስተያየት ግን የጎንደር ሊቃውንት ሁሉ የነበራቸው ነው፤ ጥርጣሬ። የሱስንዮስን ዘመን ታሪክ የሚያውቅ ሰው በካቶሊክ ካህን ባይተማመን የሚፈረድበት አይደለም።

ካይሮ ሲደርሱ የእስክንድርያው ፓትርያርክ አቡነ ጴጥሮስ አንድ የካቶሊክ ካህን ኢትዮጵያውያኑን አጅቦ በመምጣቱ አልተደሰቱም። ለጵጵስና የተመረጡትም ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ የሚገኙ፣ ካይሮ ውስጥ በእንግሊዝ ፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት የተማሩ እንድርያስ የሚባሉ መነኩሴ ናቸው። እሳቸውም አቡነ ሰላማ ተባሉ። ግማሽ ምዕት ዓመት የደፈኑት፣ በመጻሕፍት ዓይናቸውን ያደከሙት አባ ገብረ ሚካኤል በዚህ ምርጫ ደስ አልተሰኙም። በሁለቱ መካከል የተጀመረው ቅራኔ እስከ ሞት የሚዘልቅ ሆነ።

ከመልእክተኞቹ ከፊሎቹ ከካይሮ ተመለሱ፤ ቀሪዎቹ ከዴ ያቆቢስ ጋር ባሕር ተሻግረው በነሐሴ 1841 ሮም ገቡ። ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 16ኛ ተቀበሏቸው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ኋላ ከ15ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያ የነበረችውን የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን ያስታውሷል። የግዕዙ ሐዲስ ኪዳን በ1540ዎቹ መጨረሻ በማተሚያ መኪና የታተመው እዚያ በኖሩት በአባ ተስፋ ጽዮን ድካም ነው። እንግዲህ ሮም ለኢትዮጵያዊ መነኩሴ ጨርሶ ባዕድ ከተማ አልነበረችም።

የታሪኩ እንብርት የሚገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አባ ገብረ ሚካኤል የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት አዩ። ጳጳሱን በአካል አገኙ። እንደ ማንኛውም መንገደኛ መደነቃቸው አይቀርም፤ ሃይማኖታቸውን ግን አልለወጡም። ከሮም ወደ ኢየሩሳሌም ተሻግረው ከተሳለሙ በኋላ በ1842 ወደ አገራቸው የገቡት እንደወጡ ነው። የዕብነ በረዱ አዳራሽ ያላደረገውን ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የሣር ክዳን ቤት አደረገው።

የሆነው ሆኖ በዚያ ረጅም ጉዞ ሊቁ አንድ ነገር ሲመለከቱ ከረሙ። በመርከብና በግመል ጀርባ፣ በሙቀትና በበሽታ አብሮ የሚጓዝ ሰው ጠባዩን ሸሽጎ ብዙ ቀን መዝለቅ አይችልም። የአገራችን ሰው «ሰው የሚታወቀው በመንገድና በገንዘብ ነው» የሚለው ለዚህ ነው። ዴ ያቆቢስ በጥርጣሬ የሚያዩአቸውን፣ አንዳንዴም የሚንቋቸውን ተጓዦች በትዕግሥት ሲሸከሙ አባ ገብረ ሚካኤል በአንድ ዓይናቸው አዩ። ያ አንድ ዓይን ደግሞ ብዙ ያልፈዋል የሚባል ዓይን አልነበረም።

የጓላው ትምህርት ቤት

አባ ገብረ ሚካኤል ወደ ጎንደር ከተመለሱ በኋላ በሃይማኖት ክርክሩ ምክንያት ከአቡነ ሰላማ ጋር ተጋጩ። በ1843 ተነሥተው ወደ ሰሜን፣ ወደ ዴ ያቆቢስ ሄዱ። ወዲያው እጅ አልሰጡም። ሁለቱ ሰዎች ለወራት ተቀምጠው መጻሕፍት እየገለጡ ተጨዋወቱ። በየካቲት 1844 አባ ገብረ ሚካኤል ካቶሊክ ሆኑ። 

ዴ ያቆቢስ አጋሜ ውስጥ በአዲግራት አጠገብ በምትገኘው ጓላ የዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ወጣቶች ተሰበሰቡ። ከእነሱ ጋር ሃምሳ ሦስት ዓመት የሆናቸው ሽማግሌ ሊቅ ነበሩ። በትምህርት ቤቱ ውስጥ የነበረውን ሁኔታ አስቡት። አባ ገብረ ሚካኤል ጧት ለወጣቶቹ ግዕዝና የመጻሕፍት ትርጓሜ ያስተምራሉ፤ ከዚያ ዞር ብለው ከወጣቶቹ ጋር የነገረ መለኮት ተማሪ ይሆናሉ። ዴ ያቆቢስም በፊናቸው ነገረ መለኮት ያስተምሩና፣ ግዕዝና አማርኛ ሲሆን የአባ ገብረ ሚካኤል ተማሪ ሆነው ይቀመጣሉ። መምህርና ተማሪ በየሰዓቱ ወንበር ይለዋወጡ ነበር ማለት ነው። ትምህርተ ክርስቶሱን በአማርኛ ያዘጋጁት፣ የነገረ መለኮቱንም መጽሐፍ ወደ ግዕዝ የመለሱት ሁለቱ ተጋግዘው ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። በእኛ ባህል መምህር ማለት የሚፈራ ሰው ነው። ደቀ መዝሙር ቁራሽ ለምኖ፣ እንጨት ለቅሞ፣ እግር አጥቦ ይማራል። ሊቅ ከተባለ በኋላ ተመልሶ «ይህን አላውቅም፣ አስተምረኝ» ማለት ክብርን መጣል ነው። ዴ ያቆቢስ ይህን ቃል ከአድዋ ጀምሮ ሲናገሩት ኖረዋል፤ «ቋንቋችሁን አላውቅም፣ አስተምሩኝ» እያሉ ነው የገቡት። ሽማግሌው ሊቅ ተማሪ ለመሆን ድፍረት ያገኙት መምህሩ አስቀድመው ተማሪ ሆነው ስላዩአቸው ይመስለኛል። ትሕትና ይጋባል።

ሁለተኛም ነገር አለ። አባ ገብረ ሚካኤል በወጣትነታቸው ከገዳም ገዳም የዞሩት የጠፋ ሥርዓተ ምንኩስና ፍለጋ ነው። ሥርዓቱን በመጽሐፍ ሲያጡት ኢየሩሳሌም ይገኛል አሉ። በመጨረሻ ያገኙት በሰው ኑሮ ውስጥ ተጽፎ ነው፤ ትንሽ የሚበላ፣ ብዙ የሚጸልይ፣ ሲሰድቡት የማይመልስ ሰው ኑሮ ውስጥ። ለዚህ ነው ከዚያ በኋላ የመጣባቸውን ሁሉ የቻሉት ብዬ አምናለሁ። በክርክር የተረታ ሰው ነገ በበለጠ ተከራካሪ ይረታል። በኑሮ የተማረከን ሰው ግን በቃል መልሶ መውሰድ አስቸጋሪ ነው።

ትምህርት ቤቱ ሰላም አላገኘም። አቡነ ሰላማ ዴ ያቆቢስንና ተከታዮቻቸውን አወገዙ፤ ምግብና ማደሪያ የሚሰጣቸውም ሁሉ የተወገዘ እንዲሆን አዘዙ። ከጓላ ተነሥተው ወደ ኢሮብ አገር ወደ አሊቴና፣ ከዚያም ወደ አካለ ጉዛይ ወደ ሐላይ ተሰደዱ። በ1846 መጨረሻ የመጡት ካፑቺኑ ጳጳስ ጉልዬልሞ ማሳያ ለመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ክህነት ሰጡ። ለዴ ያቆቢስም ከሮም የጵጵስና ሹመት መጥቶ ነበር። እሳቸው ግን «አይገባኝም» እያሉ ሲያስቀሩት ቆዩ። በኋላ በጥር 1849 ምጽዋ ላይ፣ ከተማይቱ ታውካ ስለነበር በሌሊት ማሳያ ቀቧቸው። ሌላው ጵጵስናን በእጅ መንሻ በሚያሳድድበት ዘመን እሳቸው ለሁለት ዓመት ሸሹት።

በ1851 ደግሞ፣ ብዙዎቹ የሕይወት ታሪካቸው ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ አቡነ ያዕቆብ ለአባ ገብረ ሚካኤል ቅስና ሰጧቸው። ሽማግሌው ስድሳ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ትምህርታቸውን ግን ጨረስኩ አላሉም። የመምህራቸው ማኅበር አባል፣ ማለትም ላዛሪስት፣ ለመሆን ጠየቁ። ያ ደግሞ እንደገና ጀማሪ መሆን ነው።

ጎንደር፣ 1854

በ1853 ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ራስ ዓሊን አይሻል ላይ ድል ነሡ። የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ የተነሡት ካሣ የተከፋፈለችውንም ቤተ ክርስቲያን አንድ ማድረግ ነበረባቸው። ለዚህ አቡነ ሰላማ ያስፈልጓቸዋል፤ አቡነ ሰላማም ካሣ ያስፈልጓቸዋል። ስምምነት አደረጉ። በ1854 አምባ ጫራ ላይ በተደረገው ጉባኤ ሁሉም የአቡኑን ሃይማኖት እንዲቀበል ታወጀ። ካቶሊኮቹም ከአገር እንዲወጡ ተወሰነ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ጎንደር ላይ አቡነ ያዕቆብ ተያዙ። አባ ገብረ ሚካኤልና አራት ጓደኞቻቸውም ታሰሩ። መምህሩን ለይተው አስቀመጧቸውና ከጥቂት ወራት በኋላ በሱዳን ጠረፍ እንዲባረሩ ላኳቸው። እሳቸው ግን እንደምንም ብለው ወደ ምጽዋ አቅጣጫ ተመለሱ። ሽማግሌው ተማሪ በግንድ እንደታሰሩ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በሥጋ አልተገናኙም።

ካሣ በየካቲት 1855 ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው፣ በዚያው በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። አባ ገብረ ሚካኤል ከንጉሡ ፊት በየጊዜው ቀርበው እምነታቸውን እንዲተዉ ተጠየቁ። በቀጭኔ ጅራት መገረፋቸውንም የዘመኑ ታሪክ ይናገራል። አልተመለሱም። በግንቦት 31 ቀን 1855 የሞት ፍርድ ሲፈረድባቸው በሰፈሩ የተገኘው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውዴን አማልዶ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ከዚያ በኋላ በሰንሰለት እንደተያዙ ከዘመቻው ሠራዊት ጋር ይጓዙ ጀመር። ኮሌራ ሠራዊቱን ገባበት። ሽማግሌው እስረኛ የሚሰጣቸውን ጥቂት ቀለብ ለሕሙማን ያካፍሉ ነበር ይባላል። የመምህራቸውን የናፖሊ ታሪክ ለምናውቅ ይህ ሥራ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። በዚያው በ1855 ክረምት መንገድ ላይ ዐረፉ። ወታደሮቹ ሰንሰለቱን ፈትተው ከዛፍ ሥር ቀበሯቸው። መቃብራቸው አልተገኘም።

ሚዛኑ

ይህን ታሪክ ስንሰማ ብዙዎቻችንን የሚቆረቁረን ነገር አለ። ዐፄ ቴዎድሮስን እንወዳቸዋለን። ለአገር አንድነት የከፈሉትን እናውቃለን። ታዲያ ስለ አባ ገብረ ሚካኤል ማዘን ንጉሡን መካድ ይሆናል? አይሆንም ባይ ነኝ። የንጉሡን ምክንያት መረዳት ይቻላል። ሃይማኖት ከፖለቲካ ያልተለየበት ዘመን ነበር፤ የውጭ ሰባኪ ከኋላው መንግሥት ያስከትላል የሚለው ሥጋትም ባዶ አልነበረም። አቡነ ያዕቆብ ራሳቸው በመጨረሻ ዘመናቸው ከዚህ ጣጣ አላመለጡም። የትግሬው ገዢ አገው ንጉሤ በቴዎድሮስ ላይ ተነሥተው የፈረንሳይን ድጋፍ ሲፈልጉ፣ በ1859 ወደ ሮምና ወደ ፓሪስ የተላከውን መልእክት የመሩት የካቶሊክ ካህን ናቸው። በዚህ ምክንያት አቡነ ያዕቆብ በንጉሡ ሰዎች ተይዘው ነበር። ይህን ሳይጠቅሱ የሚጽፉላቸው ወዳጆቻቸው ውለታ የዋሉላቸው አይመስለኝም።

የአቡነ ሰላማም ነገር እንዲሁ ነው። በሃያ ዓመታቸው ቋንቋውን ወደማያውቁት፣ በሦስት ወገን ወደተከፋፈለ አገር ተልከው፣ የሱስንዮስ ዘመን እንዳይደገም በአደራ የተቀበሉትን ሃይማኖት ጠበቁ። ዕጣቸው ግን የሚያሳዝን ሆነ። ተማምነውበት የነበረው ንጉሥ ኋላ እሳቸውንም አስረው መቅደላ አወጧቸው፤ በጥቅምት 1867 እዚያው እንደታሰሩ ሞቱ። ሰንሰለት አንዴ ከተፈቀደ ማንን እንደሚያስር አይመርጥም።

እኔ አባ ገብረ ሚካኤልን የምመለከታቸው ከሁሉም ወገን ወጣ ብዬ ነው። እኚህ ሰው ሃይማኖት የለወጡት ለሹመት ነው እንዳይባል ያገኙት ግንድ ነው። ለገንዘብ ነው እንዳይባል የእስረኛ ቀለባቸውን እንኳ አካፈሉ። ባዕድ አምላኪ ናቸው እንዳይባል እስከ ሞት የአገራቸውን ቆብና ግዕዛቸውን አልተዉም። አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ አገሩ በሰጠው የመጠየቅ ልማድ ጠይቆ፣ ልቡ ያረፈበት ቦታ ላይ ቆመ። ከቆመበት ቦታ ጋር ባንስማማ እንኳ፣ የቆመበትን መንገድ ማክበር የምንችል ይመስለኛል።

አቡነ ያዕቆብ በሐምሌ 31 ቀን 1860፣ ከምጽዋ ቆላ ወደ ሐላይ ሲወጡ በዓሊገደ ሸለቆ ትኩሳት ጣላቸው። ድንጋይ ተንተርሰው፣ የከበቧቸውን ተማሪዎቻቸውን ይቅርታ ጠይቀው ዐረፉ። ሬሳቸው በሄቦ ተቀበረ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ፣ የአድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት፣ በዓይናቸው ያዩትን የመምህራቸውን ታሪክ ጽፈው አቆይተውልናል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባ ገብረ ሚካኤልን በጥቅምት 3 ቀን 1926 ብፁዕ ብላ ሰየመቻቸው፤ መምህራቸው ብፁዕ የተባሉት ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ በ1939 ነው፤ በጥቅምት 1975 ደግሞ ቅዱስ ተባሉ። ተማሪው መምህሩን ቀደሙ ማለት ነው። አቡነ ያዕቆብ ይህን ቢያዩ የሚከፉ አይመስለኝም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የደከሙት የአገሩ ልጆች ከፊታቸው እንዲቀድሙ ነበርና።